ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል

አዲስ አበባ ውስጥ ግድግዳና የስልክ እንጨት ላይ ከሚለጠፉት ጽሑፎች ሁሉ ከዓመት ዓመት አንዲት ቃል ሳትለወጥ የኖረችው የትኛዋ ናት ብትሉኝ፣ የጨረታም የቤት ኪራይም ማስታወቂያ አልላችሁም። ‹‹ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የሙዚቃ ዝግጅቱ ላልተወሰነ ጊዜ የተላለፈ መሆኑን በታላቅ ይቅርታ እንገልጻለን›› የምትለዋ ናት። ዱሮ ግድግዳ ላይ ነበረች፤ አሁን በየስልካችን ትመጣለች። ቦታዋን ቀየረች እንጂ አነጋገሯ ያው ነው።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ጽሑፍ ሳገኝ መፈታታት ይቀናኛል። እስቲ ይቺን ዓረፍተ ነገር እንፈታታት። ዝግጅቱን ማን አስተላለፈው? አይታወቅም። ግሡ ተገብሮ ነው፤ ድርጊት አለ፣ አድራጊ የለም። ልክ እንደ ክረምትና በጋ ዝግጅቱ ራሱ ተነሥቶ ተላለፈ። ‹‹ላልተወሰነ ጊዜ›› ማለትስ? ‹‹ቀረ›› ማለት መሆኑን የዚህ ከተማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ታዲያ አማርኛችን ‹‹ተሰረዘ›› የሚል ንጹሕ ቃል እያለው ለምን አንጠቀምበትም? መልሱ ያለው ሰዋስው ውስጥ ሳይሆን ካዝና ውስጥ ነው። የተሰረዘ ዝግጅት ቲኬት ገንዘቡ ይመለሳል፤ የተላለፈ ዝግጅት ቲኬት ግን ‹‹እንደጸና ይቆያል››። እኔም አንድ ሁለት የጸኑ ቲኬቶች መጽሐፍ ውስጥ አሉኝ፤ ገጽ ምልክት አድርጌያቸዋለሁ።

‹‹በታላቅ ይቅርታ›› የምትለዋስ ለማን ናት? ለተመልካቹ። መልካም። ያን ምሽት ሊጫወት ለሦስት ሳምንት ሲለማመድ የከረመው ባንድ ግን በዚህ ማስታወቂያ ውስጥ የለም። ይቅርታም አይደርሰው፣ ስሙም አይጠራ። ብዙ ጊዜ እሱም መቅረቱን የሚያውቀው እንደ እኛው ከማስታወቂያው ነው።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። (እኔ ስለ ቅኔ ስናገር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በጣቱ ጠረጴዛ የሚደበድብ ልጅ ነበር።) ባንዳቸው ስድስት ሰዎች ነው። ከአዲስ አበባ ራቅ ባለች አንዲት ከተማ አዲስ ሆቴል ሊመረቅ ኖሮ ሁለት ምሽት እንዲጫወቱ በስልክ ተስማሙ። ቀብድ የለም፤ ‹‹ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው›› ተብሏል። ሚኒባስ ተከራዩ፣ ድምፅ ማጉያውን ከነሚክሰሩ ተከራዩ፣ ድራሙን ጣሪያ ላይ አስረው አምስት ሰዓት ተጓዙ። ሲደርሱ አዳራሹ ውስጥ የሰው ሠርግ ላይ ደረሱ።

‹‹ልጆች፣ አልተነገራችሁም እንዴ?›› ይላሉ ባለቤቱ።

‹‹ማን ይነግረናል ጋሼ?››

‹‹ያ ያገናኘን ልጅ ነዋ! ምርቃቱ ተገፍቷል። ምን ይደረግ፣ በሉ ለማንኛውም ምሳ ብሉ።››

ምሳ በሉ፤ ተመለሱ። የሚኒባሱ ባለቤት ሙሉ ክፍያውን ተቀበለ። ሚክሰር ያከራየውም እንደዚያው። ‹‹ሥራው'ኮ ቀረብን›› ቢሏቸው ‹‹ታዲያ እኔ ምን አገባኝ?›› አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ጎማው ዞሯል፣ ዕቃው ወጥቶ አድሯል። እንግዲህ ልብ በሉ፣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ከነዳጅ ቀጂው ጀምሮ የሁሉም ሰው ጊዜ ዋጋ ነበረው። ዋጋ ያጣው የስድስቱ ሙዚቀኞች ጊዜ ብቻ ነው።

እኔን የከነከነኝ ግን ምሳው ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይመስሉኝም። በልባቸው ልጆቹን አስተናግደዋል፤ ዕዳ እንዳለባቸው እንኳ አልታያቸውም። ለምን? እኔ ነገሩን ከቋንቋችን እጀምረዋለሁ። እንግዳ ቤታችን ሲመጣ ‹‹ተጫወት›› እንለዋለን። ቡና ተፈልቶ ‹‹ጨዋታ›› ይመጣል። ሙዚቀኛውም ‹‹ይጫወታል››። አናጢ ይሠራል፣ ሐኪም ያክማል፣ ጠበቃ ይሟገታል፣ እሱ ግን ይጫወታል! ለተጫወተ ሰው ደግሞ ምሳ ይጋበዛል እንጂ ማን ደመወዝ ይቆርጣል? ሲበዛ ይሸለማል፤ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፍለታል። ሽልማትና ደመወዝ ሰማይና ምድር ናቸው። ሽልማት በሰጪው ሞቅታ ላይ የቆመ ነው፤ ዛሬ ቢሰጥ ነገ ቢነሣ ማንም አይጠይቀው። አዝማሪው ከመኳንንት በር ላይ ሆኖ ይኖርበት የነበረው ሥርዓት ይኸው ነው። እኛ ማሲንቆውን በኤሌክትሪክ ጊታር ተካን፣ አዳራሹን በመብራት አንቆጠቆጥነው፣ የሒሳቡን አሠራር ግን እንዳለ ወርሰነዋል።

በመካከሉ ሌላ መንገድ ታይቶ እንደነበር መርሳት የለብንም። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር የሙዚቃ ክፍሎች አባላት የወር ደመወዝተኞች ነበሩ። ዝግጅት ቢቀርም ደመወዝ አይቀርም፤ መሣሪያውም የተቋሙ ነው። ከዚያ የሆቴሎችና የናይት ክለቦች ባንዶች መጡ። እዚያ ደግሞ መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የቤቱ ባለቤት ነበር፤ መሣሪያው የሌላ ሰው ከሆነ ባንዱም የሌላ ሰው ነው ማለት ይቻላል። ሲጣላ ጊታሩን አንጠልጥሎ ሊወጣ አይችልማ። ዋልያስ ባንድን በታሪካችን ውስጥ ልዩ የሚያደርገው ሙዚቃው ብቻ አይደለም፤ የራሱን መሣሪያ ይዞ እንደ ራሱ ጌታ ከቤት ባለቤት ጋር ለመደራደር ከደፈሩት ቀደምቶች አንዱ መሆኑ ነው። በሒልተን ለዓመታት የዘለቀው በዚያ አቋሙ ነው።

ያ ዘመን ደግሞ የሰዓት እላፊ ዘመን ነበር። ከተማው በጊዜ ጭር ሲል የምሽት ቤቶች ይዘጋሉ ብላችሁ ትገምቱ ይሆናል። አልሆነም። በሩ እንግዳው ውስጥ እንዳለ ይዘጋል፤ የገባ ሰው እስኪነጋ አይወጣም፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። ወታደር በየመንገዱ በቆመበት ዘመን እንኳ ለመሥራት ዘዴ ተገኝቷል። ‹‹ዝናብ ስለጣለ›› ተብሎ ኮንሰርት ሲተላለፍ ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይኼ ነው። ዋልያስ በ1981 እ.ኤ.አ. አሜሪካን ሲዞር ከአባላቱ አራቱ እዚያው ቀሩ። ከነሱ አንዱ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን ከመኪናው ኋላ አይለየውም ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠፋ አውጥቶ ይለማመዳል። በ2013 እ.ኤ.አ. የቆየ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ዓለም እስኪያስታውሰው ድረስ ማለት ነው።

ወደ ማስታወቂያችን እንመለስ። ‹‹ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት›› የምትለዋ ሐረግ ለጌጥ የተፈጠረች አይደለችም፤ የሕግ ቃል ናት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1792 ይተረጉማታል። ከአቅም በላይ የሚባለው ባለዕዳው አስቀድሞ ሊያስበው የማይችለው፣ ግዴታውን እንዳይፈጽምም ፈጽሞ የሚያግደው ነገር ነው። ሁለቱም አንድ ላይ መሟላት አለባቸው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን እንመዝን። በሐምሌ ዝናብ መጣሉ አስቀድሞ የማይታሰብ ነው? መብራት መጥፋቱስ? በዚህ ከተማ ይታሰባል፣ ጀነሬተርም ይከራያል። ቲኬት አለመሸጡ ኪሳራ ነው እንጂ ከአቅም በላይ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ገብቶ አዳራሽ ሁሉ ሲዘጋ ግን አዎ፣ ያ ከአቅም በላይ ነው። በጥር 2007 ዓ.ም. ጣይቱ ሆቴል ተቃጥሎ ጃዛምባን የመሰለ የሙዚቃ ቤት ሲወድም፣ አዎ። ቃሏ ለእንዲህ ያለ ቀን ልትቀመጥ ሲገባት ቢራ ያልጠጣ እንግዳ በበዛበት ሳምንት ሁሉ እየተመዘዘች አለቀች።

የመንግሥት ክልከላንም ሕጉ ከአቅም በላይ ከሆኑት ይቆጥረዋል። እዚህ ላይ ነገሩ ይጠጥራል። በነሐሴ 2009 ዓ.ም. መጨረሻ ቴዲ አፍሮ በሒልተን የአልበሙን ምረቃ ሊያደርግ ሲል ፈቃድ የለም ተብሎ ተከለከለ። ከዚያ በፊት በ2006 ዓ.ም. ስፖንሰር ያደረገው ቢራ ፋብሪካ ውዝግብ ሲነሣ እጁን አውጥቶ የዘፋኙ ጉዞ ቀርቷል። ሁላችንም የምናስታውሰው ስለ ዘፋኙ ነው፤ ጋዜጣውም የጻፈው ስለ ዘፋኙ ነው። ከኋላ የቆሙት ሳክስፎንና ድራም ተጫዋቾች ለእነዚያ ምሽቶች ብለው ስንት ሥራ መልሰው እንደነበር የጠየቀ አላነበብኩም። ታዋቂው ሰው ሲከለከል ዜና ነው፤ አጃቢው ሲቀርበት የቤት ኪራይ ነው።

ደግሞ ባንዶቹን ጻድቅ አናድርጋቸው። አንድ ቅዳሜ ለሁለት ቤት ቃል ሰጥቶ የተሻለ ወደከፈለው የሚሮጥ ሞልቷል። ሦስት ሰዓት ተብሎ ስድስት ሰዓት ላይ ገመድ መቀጠል የሚጀምር አለ። ዘፋኙ ‹‹ጉሮሮዬን አመመኝ›› ብሎ ሌላ ቤት ሲዘፍን የታየበት ጊዜም አለ። የቤት ባለቤቶች ‹‹ቀብድ በልተው ቀሩብን›› ሲሉ ከባዶ ተነሥተው አይደለም። ለዚህም ቢሆን ሕጉ ዝም አላለም። ቁጥር 1885ን ተመልከቱ፤ ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ ሰጪው ውሉን ከሰረዘ ቀብዱን ያጣል፣ ቀብድ ተቀባዩ ከሰረዘ እጥፉን ይመልሳል። 10 ሺህ ብር ተቀብሎ የቀረ ባንድ 20 ሺህ ይቆጥራል ማለት ነው። ስንቱ ባንድ ይህን ያውቃል? ስንቱ ባለቤትስ?

ግን እዚህ ውስጥ አንድ ወጥመድ አለ። ቀብዱ ትንሽ ከሆነ መሰረዝም ርካሽ ይሆናል። የ40 ሺህ ብር ሥራ በ2 ሺህ ብር ቀብድ የያዘ ባለቤት ሐሳቡን የሚለውጥበትን ዋጋ ከፍሎ ጨርሷል። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ሆኖም ውል ያፈረሰ ወገን የሚከፍለውን መቀጫ ቀድሞ በጽሑፍ መወሰን እንደሚቻል ሕጉ ራሱ ይናገራል። የቃል ውልም ቢሆን በጠቅላላው ውል ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ነው። ያ ሚኒባስ የሄደው በአንድ የስልክ ጥሪ ነበር። የማን ምስክር ይቆጠራል? የምሳው?

ይህ ሁሉ ለስድስት ሰዎች ኪስ ብቻ አይደለም ጭንቀቴ። በሁዳዴ 55 ቀን የምሽት ሥራ ይቀዘቅዛል፣ ሠርግም ይቆማል፤ ያንን ባንዶች ያውቁታል፣ ይዘጋጁበታል። ሊዘጋጁበት የማይችሉት እንደ ድንገተኛ ሕመም በየሳምንቱ የሚመጣውን ነው። ገቢው የማይታወቅ ቤት ሰው ይቀንሳል። አንድ ጊዜ ትራምፔቱ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ሳክስፎኑ፣ ቀጥሎ ድራመሩ። መጨረሻ ላይ አንድ ልጅ ከአንድ ኪቦርድ ጋር ይቀራል፤ ‹‹ዋን ማን ባንድ›› ብለን ስም አወጣንለት። ሰዎች የነፋስ መሣሪያ ከዘፈኖቻችን የጠፋው ትውልዱ ሰንፎ ነው ይላሉ። እኔ ግን ከስንፍናው በፊት ሒሳቡን አስባለሁ፤ ለአራት ነፊ መክፈል የማይፈልግ ቤት አራት ነፊ አያፈራም። በዚያ ላይ ቤቶቹም ራሳቸው ቋሚ አይደሉም። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንድቃም አብሮ ፈርሷል፤ ስንት አዝማሪና ስንት የጃዝ ተጫዋች ማደሪያ ያደረገው ቤት ነበር።

ያ ተማሪዬ ባለፈው አንድ ገጽ ውል አርቅቆ አማርኛውን እንዳርምለት አመጣልኝ። ግማሽ ክፍያ በቅድሚያ፣ በሳምንት ውስጥ ለሚሰረዝ ሥራ ሙሉ የትራንስፖርትና የዕቃ ኪራይ ወጪ፣ ባንዱ ከቀረ ደግሞ የተቀበለውን እጥፍ። ሁለት ኮማ ጨመርኩ፣ አንድ ‹‹ወዘተ›› አወጣሁ።

‹‹ይፈርማሉ?›› አልኩት።

‹‹ለሦስት ቤት ሰጥቻለሁ ጋሼ›› አለኝ። አንደኛው ፈርሟል። ሁለተኛው ‹‹አታምኑኝም ማለት ነው?›› ብሎ ተቀየመ፣ በምትካቸውም ዲጄ ቀጠረ። ሦስተኛው ‹‹ጠበቃዬ ይየው›› ብሎ ወረቀቱን ወሰደ፤ ይህን ስጽፍ ገና አልመለሰላቸውም።