ዘፈኑን የሰማው ማን ነው?

ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ማታ አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ከተገደለ ወዲህ ስለ እርሱ ብዙ ተብሏል፣ ብዙም ተጽፏል። ጀግና ያሉት አሉ፤ ጠብ አጫሪ ያሉትም አልጠፉም። ሁለቱም ወገኖች ስለ ዘፈኑ የሚናገሩት ግን እምብዛም ነው። በአማርኛ አንባቢው ዘንድማ ነገሩ ይብሳል። ስሙን የማያውቅ የለም፤ ግጥሙን ቁጭ ብሎ ያስተረጎመው ግን ስንቱ ነው? አንድን ድምፃዊ ሳይሰሙ ማወደስም ሆነ መውቀስ ሂስ አይባልም። ስለዚህ ወደ ሥራው እንሂድ።

ሃጫሉ በ1986 እ.ኤ.አ. አምቦ ተወለደ። በ17 ዓመቱ በፖለቲካ ሰበብ ታስሮ አምስት ዓመት በወህኒ አሳለፈ። ግጥምና ዜማ መድረስን የተማረው እዚያው እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል። የመጀመሪያ አልበሙ «ሰኚ ሞቲ» በ2009 እ.ኤ.አ. ሲወጣ አብዛኛው ሥራ የተጠነሰሰው ከእስር ቤቱ ግንብ ውስጥ ነበር።

ይህ ሰው ታዲያ ያለ ዘር የበቀለ አይደለም። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው አፍራን ቀሎ ብዙም ሳይቆይ የታገደ የኪነት ቡድን ነበር። በ2015 ዓ.ም. ያረፈው አሊ ቢራ የወጣው ከዚያ ነው። አሊ አብዝቶ የዘፈነው ስለ ፍቅር ነው፤ ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በኦሮምኛ ዘፍኖ መድረክ ላይ መቆሙ ራሱ ተቃውሞ ነበር። በአማርኛውም ቢሆን ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር ዘመን የክብር ዘበኛውን የጥላሁን ገሠሠን «አልቻልኩም» ብዙ ሰው በሌላ ጆሮ ነበር የሰማው። ሰምና ወርቅ የለመደ ሕዝብ የፍቅር ዘፈን ሲሰጡት ወርቁን ራሱ ፈልፍሎ ያወጣል።

የሃጫሉ ታላቅ ሥራ «ማላን ጅራ» የቆመውም በዚሁ መሠረት ላይ ነው። ርእሱ «ምን ኑሮ አለኝ» እንደማለት ነው። የወጣው በሰኔ 2007 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአዲስ አበባና ዙሪያዋ ማስተር ፕላን ሳቢያ በአምቦና በሌሎች ከተሞች ደም ከፈሰሰ አንድ ዓመት አልፎ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. እንደገና የተቀጣጠለው ተቃውሞ ደግሞ ገና አልተጀመረም ነበር። ላይ ላዩን የተለያዩ ፍቅረኞች እንጉርጉሮ ነው። ነገር ግን ዘፋኙ ጉለሌን፣ አቢቹን፣ ገላንን በስም ይጠራል። ለአዲስ አበቤው እነዚህ የታክሲ መዳረሻዎች ናቸው፤ ለኦሮሞው አድማጭ ደግሞ ባለቤት የነበራቸው የጎሳ አገሮች። የዘፈኑ ብልኃት እዚህ ላይ ነው። ስለ መሬት ወግ አይሰብክም፣ ስታቲስቲክስ አይደረድርም፤ የቦታዎቹን ስም ከፍቅረኛዋ ስም ጋር እኩል በናፍቆት ይጠራል። ዜማው ቀስ ያለ ነው፤ ድምፁ አይጮኽም። ያዘነ ሰው ሲያጉረመርም እንሰማለን፤ ቁጣው የሚመጣው ዘግይቶ፣ አድማጩ ውስጥ ነው።

በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ከሶማሌ ክልል ለተፈናቀሉ ኦሮሞዎች መርጃ በሚሊኒየም አዳራሽ ያቀረበው ገራርሳ ግን ሌላ ጠባይ አለው። ገራርሳ ለእኛ ፉከራና ቀረርቶ ቅርብ የሆነ፣ ጀግና ራሱን የሚያስተዋውቅበት፣ ፈሪን የሚወቅስበት ጥንታዊ ስልት ነው። ሃጫሉ ይህን ስልት ባለሥልጣናት በተቀመጡበት፣ ዝግጅቱ በቴሌቪዥን በቀጥታ በሚተላለፍበት መድረክ ላይ አዋለው፤ እነርሱንም ጭምር ፊት ለፊት ገሠጻቸው። ድፍረቱ አያጠያይቅም። ሆኖም ያንን ገራርሳ ከአዳራሹ ሁካታ ነጥለን ቤታችን ውስጥ ስንሰማው ግማሽ ኃይሉ ከሕዝቡ ጩኸት የተዋሰው መሆኑን እንረዳለን። «ማላን ጅራ» ያለ አጃቢ ሕዝብ ይቆማል፤ ገራርሳው ግን ያንን ቀን ይፈልጋል። ይህ ስሕተት ነው ለማለት አይደለም። የወግ ዘፈን ጥንትም የሚዘፈነው ለቀኑ ነውና። ሁለቱን በአንድ ሚዛን አስቀምጦ «የትግል ዘፈን» ብሎ ማለፍ ግን የዘፋኙን እጥፍ ችሎታ መንጠቅ ነው።

ከሞቱ በኋላ የሆነው ይታወቃል። በርካታ ሰዎች ሞቱ፣ ንብረት ወደመ፣ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተዘጋ። ለዚህ ሁሉ ስሙ ምስክርም ተከሳሽም ሆኖ ተጠራ። ከዓመት በኋላ «ማል መሊሳ» የተሰኘው አልበሙ ሲወጣ ብዙው ሰው የተቀበለው እንደ መታሰቢያ ሐውልት ነው። ሐውልት ደግሞ ይሳለሙታል ወይም ያፈርሱታል እንጂ አያደምጡትም።

አማርኛ ተናጋሪው ያንን የጉለሌ እንጉርጉሮ በቅጡ ሰምቶት ቢሆን ኖሮ ሁሉንም ነገር ይቀበል ነበር አንልም። የሚኖርበት ሰፈር ስም በሌላ ሰው አፍ ውስጥ እንዴት እንደሚያለቅስ ግን ያውቅ ነበር። ይህን ማወቅ ከመስማማትም ከመጣላትም ይቀድማል። የኦሮምኛ ግጥሞችን በጥንቃቄ ወደ አማርኛ የሚመልሱ፣ ዜማቸውን የሚተነትኑ ሐያስያን የሚያስፈልጉንም ለዚህ ነው። እስከዚያው ድረስ ስለ ሃጫሉ የምንከራከረው ዘፈኑን ዘግተን ነው።