የወላይታን ምት ማን አስተማረ?

በአዲስ አበባ ሠርግ ላይ፣ ጉራግኛው ሰውን አላብቶ ካበቃ በኋላ፣ ኪቦርዲስቱ አንዲት ቁልፍ ይጫንና ወላይትኛው ይገባል። ወገብ እንዳለው ረስቶ የኖረ ሰው ሁሉ ያኔ ያስታውሰዋል። ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው ዱንጉዛ የለበሱ ተወዛዋዦች ካሉ ደግሞ ቪዲዮ የማይቀርጽ የለም። ብዙዎቻችን ስለ ወላይታ ሙዚቃ ያለን እውቀት እዚያ አዳራሽ ውስጥ ይጀምራል፤ እዚያው አዳራሽ ውስጥም ያልቃል።

እኔን የሚከነክነኝ ያቺ ቁልፍ ናት። ቁልፏ ውስጥ ያለው ምት ከሆነ ቦታ መጥቷል። አንድ ሰው ለአንድ ልጅ «እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው» ብሎ አሳይቶታል። ያ ሰው ግን በሙዚቃ ሂሳችን ውስጥ የለም። የድሮ ካሴት ሽፋን ገልብጣችሁ እዩ፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ፣ ሚክሲንግ እገሌ ይላል። ያስተማረው ሰው እድለኛ ከሆነ ከታች በደቃቅ ፊደል «ምስጋና» በሚለው ውስጥ ከአጎትና ከአክስት ጋር ተደርድሮ ይገኛል። የሂስ ጸሐፊዎቻችንም ሽፋኑን ተከትለው ነው የሚጽፉት። ድምፃዊውን ያወድሳሉ ወይ ይነቅፋሉ፣ ስለ ቅንብሩ ሁለት አንቀጽ ይጽፋሉ፣ አለቀ።

በእርግጥ መምህሩን የምናውቅበት ጊዜ አለ። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች፣ አርባ ልጆች የተባሉትን፣ ሲያመጡ አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም አብረው መጡ፤ የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱት እሳቸው ናቸው። የወንድማቸው ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን ደግሞ በማዘጋጃ ቤትም፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም፣ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትም ሲያስተምሩና ሲያሠለጥኑ ኖሩ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» እያልን የምንቆዝምለት ሙዚቃ ከጀርባው የእነዚህ ሰዎች የክፍል ሥራ አለ። ይህ የተጻፈ ታሪክ ነው። የተጻፈው ግን መምህራኑ ቤተ መንግሥት አጠገብ ስለነበሩ ይመስለኛል።

ከቤተ መንግሥት ራቅ ብሎ ያለውን ነገር ለማየት የበገናን ነገር ማንሳት ይጠቅማል። ዓለሙ አጋ በገና የጀመሩት ገና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው፤ ያስተማሯቸው አለቃ ተሰማ ወልደ ዐማኑኤል ይባላሉ። ዓለሙ አድገው በያሬድ ትምህርት ቤት በገና አስተማሩ። ከዚያ ደርግ መጣ፤ በገና የሃይማኖት ዕቃ ነውና ከትምህርት ቤቱ ወጣ። አንድ ውሳኔ፣ አንድ ፊርማ፣ ክፍሉ ተዘጋ። በገናው ግን አልጠፋም፤ ምክንያቱም የተያዘው በክፍሉ ውስጥ ሳይሆን በሰውየው ጣት ላይ ነበር። ዘመን ሲለወጥ በዝማሬ ቤቱም በመንደሩም ተማሪ እንደ ጎርፍ መጣ። ከአለቃ ተሰማ እስከ ዛሬዎቹ ልጆች ያለው ሰንሰለት በጣም ቀጭን ነበር፤ ቢበጠስ ኖሮ ዛሬ በገናን በሙዚየም ነበር የምናየው።

አሁን ወደ ሶዶ እንውረድ። ከዳሞታ ተራራ ሥር ያለች፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። እዚያ አንድ ሙዚቃ የገባው ልጅ የት ነው የሚማረው?

ቀዳሚው መማሪያ ጊፋታ ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በመስከረም አጋማሽ የሚውለው። ቃሉ ራሱ ታላቅ፣ በኩር ማለት ነው። ጊፋታ ላይ ልጅ አይማርም፣ ይገባል እንጂ። አውጪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይቀበላል፤ ልጁ ከኋላ ቆሞ ሲያጨበጭብ ከርሞ አንድ ዓመት ራሱን ከፊት ያገኘዋል። ፈተና የለም፤ ምቱን የሳተ ሰው ከጎኑ ያሉት ትከሻ ያርመዋል። በደቡብ ከፍታዎች ይህ የመማሪያ ስልት የተስፋፋ ነው። ፈረንሳዊው የሙዚቃ አጥኚ በርናር ሎርታ ዣኮብ ከወላይታ ብዙም የማይርቁትን የዶርዜዎችን ዝማሬ ቀርጾ ነበር፤ እዚያ ዘፈኑ ብዙ ድምፅ ነው፣ አንዱ ያለ ሌላው ቆሞ አይሄድም፣ ስለዚህ ለብቻህ ቤት ቁጭ ብለህ ልትለማመደው አትችልም። ወላይታና ዶርዜ አንድ አይደሉም፤ መምህሩ ሰው ሳይሆን ክቡ መሆኑ ላይ ግን ይገናኛሉ።

ችግሩ ክቡ በዓመት ስንት ጊዜ ይሰበሰባል ነው። በየሳምንቱ የሚሰበሰበው ሌላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን።

እዚህ ላይ ረጋ ብለን ማየት ያለብን ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አዲስ አበባ ያለ ጸሐፊ ይህን ነገር ወይ ይዘለዋል ወይ ይሸሸዋል። ወንጌላውያን ሚሲዮናውያን ሶዶ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሲያስወጣቸው ትተው የሄዱት አማኝ ከመቶ በታች ነበር፤ ሲመለሱ ያገኙት ወደ አሥር ሺህ ይገመታል። ሰባኪ ፈረንጅ በሌለበት ይህን ሁሉ ሰው የሰበሰቡት የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ እየዘመሩ። የዘመሩትም አውጪና ተቀባይ ባለበት በለመዱት መልክ ነው። ትምህርት ቤቱም ፍርድ ቤቱም በአማርኛ በነበረበት ዘመን፣ ወላይትኛ በአደባባይ ከፍ ብሎ የሚሰማበት አንዱ ቦታ መዝሙር ነበር። ይህን ያላየ ሰው ስለ ወላይታ ሙዚቃ ቢጽፍ ግማሹን ትቷል።

ዛሬም በሶዶ፣ በአረካ፣ በቦዲቲ ኪቦርድ መንካት የሚችል ወጣት ብታገኙ «የት ተማርክ?» በሉት። ዕድሉ ሰፊ የሆነው መልስ «ቸርች» ነው። እዚያ ከእሱ አምስት ዓመት የሚበልጥ ልጅ ኮርድ አሳይቶታል፣ ሳይከፈለው። በድምፅ ተከፋፍሎ መዘመርን፣ ሰዓት አክብሮ መምጣትን፣ ሰው ፊት ሳይንቀጠቀጡ መቆምን ተምሯል። የመንግሥት ሙዚቃ ትምህርት ቤት በሌለበት ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አገሪቱ ውስጥ በስቱዲዮ ከሚሠሩት አቀናባሪዎች መካከል ሀ ሁ የቆጠሩት በመዘምራን ውስጥ የሆኑ ብዙ ናቸው፤ ቁጥር ባልሰጥም ሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ነገር ግን ያው ክፍል የማያስተምረው ነገር አለ። የጊፋታን ዘፈን አያስተምርም። እንዲያውም ለረጅም ጊዜ «ዓለማዊ ነው፣ ከመጠጥና ከጣዖት ጋር የተያያዘ ነው» ብሎ ልጁን አርቆታል። እምነቱ የራሱ ምክንያት አለው፣ እሱን ልዳኝ አልመጣሁም። እንደ ሂስ ጸሐፊ የሚታየኝ ውጤቱ ነው፤ እጁ የሠለጠነ ልጅ የአያቱን ዘፈን ሳያውቅ ያድጋል፣ የአያቱን ዘፈን የሚያውቀው ልጅ ደግሞ እጁ አልሠለጠነም። ሁለቱ አንድ ሰፈር ውስጥ ይኖራሉ። ሠርግ ላይ የምንሰማው የኪቦርድ ወላይትኛ ድርቅ የሚለው፣ ሁሉም ዘፈን አንድ የሚመስለው፣ በግማሹ ከዚህ ይመስለኛል። ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ክቡ ውስጥ አልቆመም።

ግማሹ ደግሞ ከኪነት የመጣ ነው። ደርግ በየቀበሌው ኪነት አቋቁሞ ወጣቱን መድረክ ላይ አወጣ፤ በ1980 ዓ.ም. የሕዝብ ለሕዝብ ጉዞ የብሔረሰቦችን ዘፈን በአንድ መድረክ ደርድሮ አውሮፓና አሜሪካ አዞረ። ኪነት ብዙ ልጅ አስተምሯል፣ ውለታው አይካድም። ግን ያስተማረው ምን ነበር? ዘፈኑን ማሳጠር። ሁለት ሰዓት የሚፈጀው ነገር አራት ደቂቃ ሆነ፤ ክቡ ተከፍቶ ወደ ታዳሚው ዞረ፤ ተቀባይ የነበረው ሕዝብ ተመልካች ሆነ። ይህ ልማድ ከደርግ ጋር አልሄደም። ዛሬም የባህል ቡድን የሚሠለጥነው በአመዛኙ ለእንግዳ አቀባበል ነው፤ ባለሥልጣኑ ወንበር ላይ እስኪቀመጥ ይዘፈናል፣ ማይክ ሲያዝ ይቆማል። ከተማዋ የክልል መቀመጫ ከሆነች ወዲህ አቀባበሉ የሚቀንስ አይመስልም። ለዚህ የሚሠለጥን ልጅ የሚማረው ፈገግታና ሰልፍ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ሆሴ አንቶኒዮ አብሬዩ እ.ኤ.አ. በ1975 ካራካስ ውስጥ በጥቂት ልጆች የጀመረው «ኤል ሲስቴማ» የድሃ ልጆችን በኦርኬስትራ አሳድጎ ዓለምን አስደንቋል። እንግሊዛዊው አጥኚ ጄፍሪ ቤከር ግን እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመው መጽሐፍ የማይመች ጥያቄ ጠየቀ፤ ልጆቹ የሚማሩት መፍጠር ነው ወይስ መታዘዝ? ጥያቄው ሶዶ ላይም ይሠራል። ለመዘምራን መሪውም፣ ለባህል ቡድን አሠልጣኙም፣ በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ውስጥ ጊታር ለሚያሳየው መምህርም።

ለነገሩ፣ ይህን ጥያቄ ለእነሱ ማንሳት ራሱ ትንሽ ያሳፍራል። በነጻ የሚያስተምርን ሰው «የፈጠራ ፔዳጎጂህ ምንድን ነው?» ብሎ ማፋጠጥ የጠገበ ሰው ወሬ ነው። ከወላይታ ገጠሮች ስንት ታዳጊ አዲስ አበባ ወርዶ ሊስትሮ እንደሚሠራ፣ ሎተሪ እንደሚያዞር መንገድ ላይ የሄደ ሁሉ ያየዋል። መሬቱ ጠቧል፣ ሰዉ በዝቷል። አንድ ልጅ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ልምምድ ስላለበት ከተማዋ ውስጥ ቢቆይ፣ ያ ልምምድ ከሙዚቃም በላይ ሆኗል። ቢሆንም ያው ልጅ ጎበዝ ሲሆን ይሄዳል፤ ስቱዲዮው አዲስ አበባ ነው፣ ክፍያውም እዚያው ነው። መምህሩ ሌላ ጀማሪ ተቀብሎ ከሲ ኮርድ እንደገና ይጀምራል።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ዛሬ ካሴት የለም፤ ዘፈኑ ዩቲዩብ ላይ ይወጣል፣ ከሥሩም ዝርዝር ይጻፋል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ካሜራ፣ ኤዲቲንግ፣ ሜካፕ ሳይቀር። እዚያ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፣ «ያስተማረኝ» የሚል። ወጪ የለውም። እኛም ጸሐፊዎቹ የምንከተለው ስም እናገኛለን፤ ሰውየውን ሶዶ ሄደን የትኛውን የጊፋታ ዘፈን ከማን እንደወረሰ፣ የትኛውን እንደተወና ለምን እንደተወ እንጠይቀዋለን። የአለቃ ተሰማ ስም እንኳ እኛ ዘንድ የደረሰው ተማሪያቸው አፍ ላይ ስለቆየ ነው።