«ውሸት መሆኑ ያስታውቃል»፤ ስለ ርካሽ የአውሬ ፊልምና ስለ ጎንደር የተመልካች ልማድ

የአውሬ ፊልም የተመለከተ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ይኸውም አውሬው እውነተኛ ይመስላል ወይስ አይመስልም የሚለው ነው። ፊልሙ በጥቂት ገንዘብ ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ ሲሆን ፍርዱ ይበልጥ ይፈጥናል፤ «ውሸት መሆኑ ያስታውቃል» ይባልና ነገሩ በዚያው ያበቃል። ይህ አነጋገር ቀላል ይምሰል እንጂ በውስጡ ከባድ ጥያቄ ይዟል። አንድ ሕዝብ አውሬን በምን መልክ ቢያየው ይጠቀማል? በምን መልክስ ቢያምነው ይጎዳል? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚፈልግ ተመራማሪ ከጎንደርና ከሰሜን ጎንደር ደጋ የተሻለ ሥፍራ በቀላሉ አያገኝም፤ ያ አገር በሥዕል የታየውንም፣ በጨዋታ የተገለጠውንም፣ በልብ የታመነውንም አውሬ ጎን ለጎን ያውቃልና።

ለፍርዱ ምሳሌ የሚሆነው «ሻርክኔዶ» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። አንቶኒ ፌራንቴ ያዘጋጀው ይህ ፊልም ሳይፋይ በተባለው የቴሌቪዥን ጣቢያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 2013 ሲሆን፣ የተሠራበት ገንዘብ ለሲኒማ ቤት ከሚሠሩት ታላላቅ ፊልሞች ወጪ ጋር ሲተያይ እጅግ ጥቂት ነበር። ታሪኩም አጭር ነው። ዐውሎ ነፋስ ሻርክ የተባሉትን ነጣቂ ዓሣዎች ከውቅያኖስ አንሥቶ በሎስ አንጀለስ ከተማ ላይ ያወርዳቸዋል፤ በመጨረሻም ጀግናው የሞተር መጋዙን እንደያዘ በአንዱ ዓሣ ይዋጥና ሆዱን ቀድዶ ይወጣል። የዮናስን ታሪክ በጾመ ነነዌ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ፍጻሜ ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም፤ ልዩነቱ ዮናስ በዓሣው ሆድ ውስጥ መጸለዩ፣ የሎስ አንጀለሱ ሰው ግን መጋዝ መያዙ ነው።

በመጀመሪያው ምሽት ፊልሙን ያዩት ሰዎች ከ1 ሚሊዮን በላይ ነበሩ። ብዙዎቹም እየተመለከቱ አስተያየታቸውን በትዊተር ስለጻፉ ወሬው ተዛመተ፤ ፊልሙ በድጋሚ ሲታይ የተመልካቹ ቁጥር ጨመረ፤ እስከ 2018ም ድረስ 5 ተከታታዮች ወጡለት። የተመልካቾቹ አስተያየት በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው ወገን ዓሣዎቹ የኮምፒዩተር ሥዕል መሆናቸው እንደሚታወቅ፣ ማዕበሉ በአንዱ ትዕይንት ታይቶ በሚቀጥለው እንደሚጠፋ እየዘረዘረ ፊልሙን ይነቅፋል። ሁለተኛው ወገን እነዚያኑ ጉድለቶች እየቈጠረ ይስቃል፤ ፊልሙንም ስለ መጥፎነቱ ይወድደዋል። ሁለቱ ወገኖች የተጣሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን መለኪያቸው አንድ ነው። ነቃፊውም ሆነ ሣቂው አውሬው እውነተኛ መምሰል እንደነበረበት አስቀድሞ ተስማምቷል።

የጎንደር ሥዕል ግን በዚህ ስምምነት ውስጥ አልገባም። በደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በነበልባል መካከል የተሳለውን ዲያብሎስ ለሚያይ ምእመን የሠዓሊው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ ሠዓሊው ተመልካቹን ሊያታልል አልተነሣም። ሥዕሉ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሠርቶ በግድግዳው ላይ የተለጠፈ ነው፤ ቀለሙ ያለ ጥላ የተዘረጋ ነው፤ መጠኑም የሚለካው በማዕርግ እንጂ በርቀት አይደለም። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ፊት ለፊት ሲሳሉ፣ ክፉዎች ብዙ ጊዜ በአንድ ዓይን ወደ ጎን ይሳላሉ። ስለዚህ ተመልካቹ ክፉውን የሚያውቀው በምልክቱ ነው። ከዚህም ዝቅ ባለ ዋጋ ደብተራው በብራና ላይ የሚጽፈው ክታብ አለ። ቁመቱ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሠራል፤ በላዩም ዓይኖችና ፊቶች ይሳሉበታል፤ ሕፃናትን የምትገድለው ውርዝልያ በቅዱስ ሱስንዮስ ጦር ስትወጋ የሚታይበትም አለ። ክታቡን በአንገቷ ያንጠለጠለች እናት ውርዝልያ በትክክል ተስላለች ወይስ አልተሳለችም ብላ አትጠይቅም።

አውሬው በመልኩ ካልተመዘነ በምን ይመዘናል? ለዚህ መልስ የሚሰጠው የዘንዶው የአርዌ ታሪክ ነው። ታሪኩ የአክሱም ቢሆንም በመላው ደጋ ይነገራል፤ የንግሥተ ሳባን ታሪክ በተራ በሚያሳዩት፣ ብዙ ጊዜ 44 ክፍል ባላቸው የጨርቅ ሥዕሎችም መጀመሪያው እርሱ ነው። በእነዚያ ሥዕሎች ዘንዶው አንዳንዴ ከተጠቀለለ ገመድ ብዙም አይለይም። የሚያስፈራው ከጎኑ የተሳለው ነው፤ ከብት እየነዱ፣ ልጃገረድ እየመሩ የሚመጡት ገባሪዎች ናቸው። አርዌ ንጉሥ የተባለው ግብር ስለተገበረለት ነው፤ አንጋቦም ያሸነፈው ግብሩን መርዝ በማድረግ ነው። እንግዲህ በዚህ ትረካ የተመልካቹ ጥያቄ «ዘንዶው እውነተኛ ይመስላልን?» የሚል አይደለም፤ «የሚገብርለት ማን ነው? እስከ መቼስ ይገብርለታል?» የሚል ነው።

ምናልባት ይህ የሥዕልና የተረት ነገር ነው፣ ሰው ተነሥቶ በሚጫወትበት ሥፍራ ግን አይሠራም የሚል ይኖር ይሆናል። ለዚህ መልስ የሚገኘው በጎንደር ዛር ላይ ከተጻፈው ጥናት ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ከዳካር–ጅቡቲ ጓድ ጋር ጎንደር ተቀምጦ ያየውን በ1958 ባሳተመው መጽሐፍ ሲመረምር፣ በዛር ሥርዓት ውስጥ የቴአትር ጠባይ እንዳለ አሳይቷል፤ የሚጫወቱትን ቴአትርና የሚኖሩበትን ቴአትርም ለይቷል። ዛር የሰፈረበት ሰው እንደ ዛሩ ጠባይ ይለብሳል፣ ይፎክራል፣ ያጓራል፤ በዙሪያው ያሉትም ልብሱ ከየት እንደመጣ ያውቃሉ፤ ይህን ማወቃቸው ግን ሥርዓቱን አያፈርስባቸውም። «ውሸት መሆኑ ያስታውቃል» የሚለው ቃል በዚያ ጉባኤ ውስጥ ቢነገር የረባ ትርጉም አይኖረውም ነበር።

እስከዚህ ድረስ የተነገረው ሁሉ ምልክቱ ስለሚታይ አውሬ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ግን ምልክት የለውም፤ እርሱም ቡዳ የሚባለው ነው። በጎንደር አካባቢ፣ በወገራና በስሜን ደጋ ይህ እምነት ቀጥቃጮችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ሸማኔዎችን፣ ከሁሉም ይልቅ በእነዚህ ሙያዎች ይኖሩ የነበሩትን ቤተ እስራኤልን ሲከተል ኖሯል። ቀን ማረሻና ምጣድ የሚሠራላቸው ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል ተባለ። ሕመምተኛው ጭስ ሲታጠን «የበላህ ማን ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱም የጎረቤት ስም ነው። በዚህ ትዕይንት ውስጥ ጭምብል የለም፣ ቀለም የለም፣ ገመድም አይታይም። በአውሬነት የቆመው ሰው እንዲጫወት ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ ተመልካቹም ተመልካች መሆኑን አያውቅም። እውነተኛ መምሰል የአውሬ ፍጹምነት ከሆነ፣ ከቡዳ የበለጠ ፍጹም አውሬ አልተሠራም፤ ፍጹምነቱም የሰው ልጅን ከምድር፣ ከማዕድና ከጋብቻ አስለየ። «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል፤ በቡዳ ነገር ግን ተረቱ ይገለበጣል፤ የሚያውቁትን ሰው ቁርበቱን ገፍፈው ጅብ ያደርጉታል።

እርግጥ ሥዕሉም ቢሆን ከነቀፌታ ነጻ አይደለም። በሕማማት ሥዕሎች ክርስቶስን የሚገርፉት በአንድ ዓይን ሲሳሉ፣ ምልክቱ ከግድግዳው ወርዶ በሕያው ሰው ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ነገር ግን የተሳለ ምልክት በሁሉ ፊት የቆመ ስለሆነ፣ ይህን ማን ሣለው፣ ለምንስ እንዲህ አደረገው ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ያልተሳለውን አውሬ ግን ማንም ሊጠይቀው አይችልም።

ወደ ርካሹ ፊልም ሲመለሱ፣ የሁለቱም ወገን ተመልካቾች ፍርድ መቃናት ይገባዋል። ነቃፊዎቹ ጉድለት ያሉት ነገር፣ ማለትም የአውሬው ሰው ሠራሽነት መታወቁ፣ ከፊልሙ ጥቂት መልካም ነገሮች አንዱ ነው። ከነፋስ የወደቀውን ዓሣ አይቶ ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው አይኖርም፤ በአንድነት የሣቀ ጉባኤም አውሬው ሥራ መሆኑን በአንድነት መሰከረ ማለት ነው። ሣቂዎቹም በበኩላቸው የሳቱት ነገር አለ። የፊልሙ እውነተኛ ድህነት በዓሣዎቹ ቆዳ ላይ አይደለም፤ ግብር የሌለበት ታሪክ መሆኑ ላይ ነው። ዓሣዎቹን ያመጣቸው ነፋስ ነው፤ ማንም አልገበረላቸውም፤ ማንም በእነርሱ አልተጠቀመም፤ ማንም ልጁን አሳልፎ አልሰጠም። ስለዚህ ሲሞቱ ከከተማው አገዛዝ የሚለወጥ ነገር የለም። አርዌ ሲሞት ግን መንግሥት ተለውጧል። ጥቂት ገንዘብ ይህን ጉድለት አያመጣውም፤ ብዙ ገንዘብም አይሞላውም፤ በተጠቀለለ ገመድ አምሳል ዘንዶ የሣለው ሰው ያለ ወጪ ሞልቶታልና።

ይህ ነገር ለሥነ ሕዝብ ተማሪ የሥራ መመሪያም ይሆናል። በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ የሰይጣን ቤት ብሎ ሲጠራው፣ ስሙ ብዙ ጊዜ ያላዋቂነት ምስክር ተደርጎ ተጠቅሷል። ነገር ግን ያ ስያሜ የተመልካች አስተያየት ነበር፤ የሚያየው ነገር በማን እጅ እንደተሠራ ለመጠየቅ የጀመረ ሕዝብ ያወጣው ስም ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራውን ከጀመረ በኋላ፣ ከዚያም ባዕድ ፊልሞች በአማርኛ ተራኪ ድምፅ በየቪዲዮ ቤቱ መታየት ከጀመሩ በኋላ፣ ከተመልካቹ አፍ የሚሰበሰበው ቃል በዝቷል። ሰብሳቢው «ፊልሙ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ፣ የሚያገኘው ሎስ አንጀለስም ጎንደርም የሚሰጠውን ያንኑ መልስ ነው። «አውሬውን በምን ዐወቅኸው? የሚገብርለትስ ማን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ግን፣ ስለ ፊልሙ የሚሰማውን ያህል ተመልካቹ በመንደሩ ማንን እንደሚፈራና ለምን እንደሚፈራው ይሰማል። ከዚያ በኋላ በተሠራው አውሬ ላይ መሣቅ፣ በተፈራው ጎረቤት ላይ ደግሞ መሣቅም መፍራትም እንደማይገባ መናገር ይቻላል።