የአውራ ጣት ያህል የጊዜ መኪና

በኤች ጂ ዌልስ ልብ ወለድ ውስጥ አንባቢ መጀመሪያ የሚያያት የጊዜ መኪና ትንሿ ናት። እ.ኤ.አ. በ1895 የታተመው ይህ መጽሐፍ ገና ሲጀምር፣ ስሙ የማይነገረን ጊዜ ተጓዥ የጋበዛቸውን ሰዎች እሳት ዳር አስቀምጦ፣ ከትንሽ የጠረጴዛ ሰዓት ብዙም የማትበልጥ፣ የምታብረቀርቅ የብረት አጽም ያሳያቸዋል። የዝሆን ጥርስ አለባት፤ እንደ መስታወት የጠራ ነገርም አለባት። ለመሥራት ሁለት ዓመት እንደፈጀች ይነግራቸዋል። ከዚያም የአንዱን እንግዳ ጣት ይዞ ትንሿን እጀታ ያስገፋዋል፤ መኪናዋ ዞር ትልና ድራሿ ይጠፋል። ትልቋ መኪና የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዌልስ ብልህ ነው፤ በእጅ የተሠራች፣ በዓይን የምትመረመር ትንሽ ነገር አስቀድሞ ካላሳየን ትልቋን እንደማናምንለት ያውቃል።

ደራሲው ለትንንሽ ነገር እንግዳ አልነበረም። በ1911 ወለል ላይ ስለሚጫወቷቸው የልጆች ጨዋታዎች መጽሐፍ አሳተመ። በ1913 ደግሞ «ትንንሽ ጦርነቶች» በተባለው መጽሐፉ የአሻንጉሊት ወታደሮች የሚዋጉበትን ሕግ አወጣ። ያኔ ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት ዓመት የቀረው ጎልማሳ ነው። ዘመኑ የብሪቴንስ ኩባንያ ውስጣቸው ባዶ የሆኑ የእርሳስ ወታደሮችን በገፍ የሚያወጣበት ነበር፤ ኩባንያው ይህን አሠራር የጀመረው በ1893 ነው። የዌልስ መድፍ በሞላ ኃይል አንድ ኢንች ገደማ የምትረዝም ድብልብል እንጨት ትተኩሳለች፤ የተመታ ወታደር ወደቀ፣ ሞተ። ዛሬ በትንንሽ ምስሎች የሚጫወቱ ሰዎች ያንን መጽሐፍ ከጨዋታቸው መነሻዎች አንዱ አድርገው ይቆጥሩታል። እንግዲህ የጊዜ መኪናዋ ጨዋታ ጠረጴዛ ላይ ብትገኝ የገባችው አባቷ ቤት ነው።

እኔ ፊት ያለችው የጊዜ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ 45 ሚሊሜትር ናት። 60 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ክብ መቆሚያ ላይ ተቀምጣለች። ሠሪዋ መተዳደሪያው ሌላ ነው፤ ይህ የማታ ሥራው ነው። የሠራት ባለ 28 ሚሊሜትር ከሚባሉት ምስሎች ጋር እንድትሄድ ነው። ይህ ልክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከምስሉ እግር እስከ ዓይኑ ያለውን ከፍታ ይዞ ስለሆነ፣ ሲሰላ አንድ ሜትር ወደ 18 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ዓለሙ በሙሉ 56 ጊዜ ያህል አነሰ ማለት ነው።

በመጽሐፉ ውስጥ ጊዜ ተጓዡ መኪናዬን ጨረስኩ ሲል ከኒኬል ዘንጎቹ አንዷ ልክ አንድ ኢንች አጥራ ትገኛለች፤ እንደገና እስክትሠራ መጠበቅ ነበረበት። ያ አንድ ኢንች እዚህ ሲመጣ ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ሥራ ያስቆመው ጉድለት እዚህ ሁለት ጊዜ በሞረድ ማሻሸት ነው። ብዙ ሠሪዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ራሱ 2 ሴንቲሜትር የሆነ ሪቬት በዚህ ልክ ከሚሊሜትር ሲሶ እምብዛም አይበልጥም። ይህን ያላሰላ ሰው ሰሊጥ የሚያካክል ጉብታ በየቦታው ይረጭና መኪናውን ፈንጣጣ ያስወጣበታል። የእኛ ሰው ግን ሪቬት ያስቀመጠው ሁለት ብረቶች በሚገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። እነሱም ቢሆኑ በመርፌ ጫፍ የተነኩ የነጭ ኮላ ጠብታዎች ናቸው፤ ደርቀው ከተቀቡ በኋላ ኮላ መሆናቸውን በማጉያ መነጽርም ማወቅ አይቻልም።

መጀመሪያ መታየት ያለባቸው ሁለቱ ነጫጭ እጀታዎች ናቸው። አንዱ ወደ ፊት፣ ሁለተኛው ወደ ኋላ የሚወስዱ፣ እንደ ዝሆን ጥርስ ወደ ቢጫ የሚያደላ ነጭ የተቀቡ ናቸው። ነቀል አድርጌ ሳወጣቸው ገረመኝ። ግማሽ ሚሊሜትር በማትሞላ ቀዳዳ ውስጥ ያለ ማጣበቂያ በልክ የተሰኩ ናቸው። ይህ የሠሪው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጊዜ ተጓዡ ሩቅ ዘመን ደርሶ ከመኪናው ሲወርድ እጀታዎቹን ፈትቶ ኪሱ ይከታቸዋል፤ ማንም መጥቶ እንዳይነዳበት። ጠረጴዛው ላይም እንዲሁ ነው። ተጫዋቹ ምስሉን ከመኪናዋ ሲያወርድ እጀታዎቹን ነቅሎ ካልያዘ ባላጋራው ሊወስድበት ይችላል። ሠሪው የመጽሐፉን አንድ ዓረፍተ ነገር ወደ ጨዋታ ሕግ የቀየረው አንድም ቃል ሳይጽፍ፣ በቀዳዳ ልክ ብቻ ነው።

ከእጀታዎቹ ሥር አንዲት ቀጭን የነሐስ ዘንግ ከኮርቻው በታች ትሄዳለች። ኮርቻ ያልኩት በትክክል ነው፤ የመጽሐፉ መኪና ወንበር የላትም። ይህ አያስደንቅም፤ ሰንሰለቱ የኋላ ጎማውን የሚነዳው የስታርሊ ሮቨር ብስክሌት በ1885 ከወጣ ወዲህ እንግሊዝ በብስክሌት ፍቅር አብዳ ነበር፤ ዌልስ ራሱ በ1896 ስለ ብስክሌት ጉዞ ልብ ወለድ ጽፏል። ዘንጓ ኮርቻውን አልፋ ከሦስት የሰዓት ጎማዎች ጋር ትገናኛለች። የአንዱ ጥርስ ከቀጣዩ ጋር በተራ ገጥሟል።

ይህን ነገር ሳደንቅ ምክንያት አለኝ። በ1987 ኬ ደብልዩ ጄተር የተባለው ደራሲ ስቲምፓንክ ብሎ ስም ያወጣለት ዘይቤ ከተስፋፋ ወዲህ፣ ከአሮጌ ሰዓት የወጣ ባለ ጥርስ ጎማ ባርኔጣም ላይ፣ መነጽርም ላይ፣ ሽጉጥም ላይ ይለጠፋል። የማይነካካ፣ የማይዞር፣ ከማንም የማይገናኝ ጎማ ጌጥ እንጂ መኪና አይደለም። በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የነበረ መካኒክ ቢያየው ይስቅበት ነበር። የዚያ ዘመን ማሽን ውበቱ ሆድ ዕቃው መታየቱ ነው፤ ኃይል ከየት ተነስቶ በየት አልፎ የት እንደሚደርስ በጣት ተከትለህ መሄድ ትችላለህ። እዚህችም ላይ ጣቴን ከእጀታው ሳስነሳ፣ በዘንጓ፣ በሦስቱ ጎማዎች አልፌ እንደ ክሪስታል ከጠሩት ዘንጎች ሥር ደርሻለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዌልስም አልነገረንም።

የጠሩት ዘንጎች ቀጫጭን የፕላስቲክ ዘንጎች ናቸው፤ ሻማ ላይ ሞቅ ተደርገው በወረንጦ የተጠመዘዙ። ጥርት ያሉት የተጣበቁት በሱፐር ግሉ ስላልሆነ ነው። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ የሚወጣው ትነት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ላይ ነጭ ጉም ይጥላል፤ ስንት ሸጋ ሥራ በመጨረሻዋ ደቂቃ የተበላሸው በዚህ ነው። ነጭ ኮላ ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ሲደርቅም ይጠራል።

ከፊት አራት ትንንሽ መቁጠሪያዎች አሉ፤ አንዱ ቀናትን፣ ሁለተኛው ሺህ ቀናትን፣ ሦስተኛው ሚሊዮን ቀናትን፣ አራተኛው ሺህ ሚሊዮን ቀናትን የሚቆጥሩ። እያንዳንዳቸው ሁለት ሚሊሜትር አይሞሉም። በተሳለ የብረት ቱቦ ተመትተው የወጡ የወረቀት ክቦች ናቸው፤ መስታወታቸው አንዳንድ ጠብታ ቫርኒሽ ነው። ቁጥር የለባቸውም፤ ቁጥር ለመጻፍ መሞከር እዚህ ልክ ላይ ቂልነት ነው። ያለው አንድ አንድ ቀጭን ጥቁር መስመር ነው። አራቱም መስመሮች ቀጥ ብለው ወደ ላይ ቆመዋል። መጀመሪያ ስንፍና መስሎኝ ነበር። ጊዜ ተጓዡ የሚያርፈው እ.ኤ.አ. በ802,701 ነው፤ ከ1895 ተነስቶ ሲቆጠር ከ292 ሚሊዮን ቀን በላይ ይሆናል፤ ሦስተኛው መቁጠሪያ ላይ መታየት ነበረበት። ታዲያ ሁሉም ለምን ዜሮ ላይ ይቆማሉ?

መልሱ ያለው በግራ በኩል፣ ከታች ነው። ከነሐስ ዘንጎቹ አንዷ ጠምማለች። የዝሆን ጥርስ መስለው ከተቀቡት ዘንጎች አንዱ ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች፤ ነጩ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይታያል። የታችኛው ክፍል ላይ ሣርና የድንጋይ ሽበት መሳይ አረንጓዴ ብናኝ ተነስንሷል፤ ላይኛው ንጹሕ ነው። ይህች ተመልሳ የመጣችው መኪና ናት! በመጽሐፉ ውስጥ እንግዶቹ በማግስቱም ሆነ በዚያው ማታ ሊያምኑ ሲቸገሩ የሚያዩት ማስረጃ ይኸው ነው፤ ቆሻሻው፣ ስንጥቁ፣ የጠመመችው ዘንግ። ቤቷ ስለገባች መቁጠሪያዎቹ ዜሮ ላይ ናቸው።

ጥመቱንም አስተውሉ። ነሐስ ዝም ብሎ በመቆንጠጫ ቢታጠፍ ጠርዝ ይይዛል፤ የሰው እጅ እንዳጠፈው ያስታውቃል። ይህኛው አስቀድሞ በእሳት ለስልሶ፣ ከተበየደ በኋላ ከጎን የተገፋ ነው፤ ስለዚህ ክብ ብሎ ሰምጧል፣ ከጎኑ ያለው መገጣጠሚያም ትንሽ ተከትሎት ሄዷል። መኪናዋ ስታርፍ ተገልብጣ ተጓዡን እንዳሽቀነጠረችው መጽሐፉ ይናገራል። ከወደቀ ነገር የሚጠበቀው ልክ ይህ ነው፤ ጉዳቱና ብናኙ በአንድ ጎን መሆናቸውም አጋጣሚ አይደለም።

ስለ ቀለሙ ብዙ አልልም፤ አንዱን ብቻ። አጽሙ እውነተኛ ነሐስ ሆኖ ሳለ ሠሪው ቀብቶታል። ይህ ሞኝነት ይመስላል፤ አይደለም። ትንሽ ነሐስ ሲወለወል ክፍሉን በሙሉ ስለሚያንጸባርቅ ዓይን መጠኑን ወዲያው ይገምታል፤ አሻንጉሊት ይሆናል። እሱ በቀጭኑ የተበጠበጠ ቡናማ ቀለም በየስርጉዱ እንዲቀመጥ አድርጎ፣ ከዚያ ደረቅ ለማለት ትንሽ በቀረው ብሩሽ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ አብርቶታል። ብርሃኑን ከመብራቱ ሳይሆን ከቀለሙ ታገኛለች።

ጥንካሬዋም አለ። የመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚኖር ሞዴል ቢሆን ሁሉንም በሙጫ ማያያዝ ይበቃ ነበር። ይህች ግን ማታውን ሙሉ በሰው ጣት ትነሳለች፣ ትቀመጣለች፣ አንዳንዴም ዳይስ ይወረወርባታል። ስለዚህ አጽሙ በሊድ የተበየደ ነው፤ ከመቆሚያው ሥር የተደበቀች ሮንዴላ ክብደቱን ወደ ታች ትስባለች።

አሁን ነቀፋዬን ልናገር። በ1960 ጆርጅ ፓል የመጽሐፉን ፊልም ሲሠራ፣ የኤምጂኤሙ ቢል ፌራሪ የነደፋት መኪና የፀጉር አስተካካይ ቤት ወንበርና ከጀርባ የሚሽከረከር ትልቅ ክብ ነበራት። ፊልሙ በልዩ ትርዒት ኦስካር አገኘ፤ መኪናዋ በ1970 በጨረታ ተሸጠች፤ በኋላ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለ ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ቦብ በርንስ የተባለው ሰብሳቢ አግኝቶ ገዝቶ አደሳት። ዓለም የጊዜ መኪና ሲባል የሚያስበው ያንን ክብ ነው። የእኛ ሰው መጽሐፉን ስለተከተለ ክቡን ትቶታል። ዋጋውን ከፍሏል፤ ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ሲያዩዋት የተሰበረ አልጋ ትመስላለች። የጨዋታ ዕቃ ደግሞ ማዶ ለተቀመጠውም ሰው ማንነቷን መናገር አለባት። ክሪስታሎቹን ጥቂት ከፍ ቢያደርጋቸው ኖሮ ክቡን ሳይበደር ይታደጋት ነበር።

ያም ሆኖ በፋብሪካ ተሠርተው በሣጥን ከሚመጡት አንዷን ከዚህች ጋር አልለውጥም። እጅህን መሞከር ከፈለግህ፣ ሰፈርህ ያለውን ሰዓት ሠሪ ነፍሱ የወጣች የእጅ ሰዓት ለምነው፤ ወረንጦ፣ ጥሩ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት ይኑርህ። ከጌጡም ከክቡም አትጀምር፤ ከእጀታው ጀምር።