የሰጪው ትሕትና፣ የተቀባዩ ገበና

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 6 ምጽዋት፣ ጸሎትና ጾም በስውር እንዲደረጉ ታዟል። ስብከታችን ይህን ትእዛዝ በአብዛኛው የሚያየው ከሰጪው ነፍስ አንጻር ነው፦ ውዳሴ ከንቱ ዋጋን ያስቀራል እንላለን። እውነት ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። ስውር ምጽዋት የተቀባዩንም ገበና ይሸፍናል።

በቲክቶክና በዩቲዩብ ከሚዘዋወሩት የእርዳታ ቪዲዮዎች አንዱን ረጋ ብሎ ማየት ይበቃል። አንዲት አዛውንት ደጃፋቸው ላይ ቆመዋል። ሰጪው ብሩን ወደ ካሜራው አዙሮ ይቆጥራል፤ «እማማ፣ ምን ተሰማዎት?» ይላቸዋል። እሳቸው በአንድ እጃቸው ብሩን ሲቀበሉ በሌላው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ይስባሉ። ፈቅደው ነው የተቀረጹት ቢባልም፣ የቤት ኪራይ ያለፈበት ሰው እምቢ የማለት አቅም ከየት ያመጣል? በጠበል ቦታ በሕመምተኞች ላይ የሚደረገው ቀረጻ ደግሞ ይብሳል። በሕመሙ የሚጮኸው ሰው ፈቃድ ሊሰጥ አይችልም፤ ድኖ ሥራ ሲፈልግ ወይም ትዳር ሲይዝ ግን ቪዲዮው ይከተለዋል። ለንስሐ አባት የተነገረ ምስጢር እንዳይወጣ አጥብቃ የምታዝ ቤተ ክርስቲያን በቅጥሯ ውስጥ ይህ ሲደረግ ዝም ማለቷ ያሳዝናል።

ወንጌል የተቀባዩን ክብር አልዘነጋም። በማርቆስ ምዕራፍ 7 ጌታ መስማትና መናገር የተሳነውን ሰው ከሕዝቡ ለይቶ ወስዶ ፈወሰው፤ በምዕራፍ 8 ዐይነ ስውሩን እጁን ይዞ ከመንደር አወጣው፤ በምዕራፍ 5 የኢያኢሮስን ልጅ ከማስነሣቱ በፊት የሚያለቅሰውን ሕዝብ ከቤት አስወጣ። ሕመምተኛው ለተመልካች ትርኢት አልሆነም።

ብርሃናችን በሰው ፊት እንዲበራ በዚያው የተራራ ስብከት መታዘዙን የሚጠቅሱ አሉ። አባቶች ሁለቱን ትእዛዛት የሚያስታርቁት በሐሳብ ንጽሕና ነው፤ ለእግዚአብሔር ክብር ነው ወይስ ለራስ? ችግሩ፣ ዛሬ ሐሳባችንን የሚቀርጸው ሌላም ኃይል፣ ማለትም የማኅበራዊ ሚዲያው መድረክ፣ መኖሩ ነው። ከመጽሐፈ መነኮሳት ደራስያን አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ተሹሞ ከአምስት ወር በኋላ መንበሩን ትቶ ወደ ብሕትውና ሄደ። እሱ ከሰው ዐይን በእግሩ ሊርቅ ቻለ። የእኛ ዘመን መድረክ ግን ተመልካችን ቆጥሮ ገንዘብ ይከፍላል፤ ንጹሕ ሐሳብ ይዞ የጀመረውም ብዙ የታየለትን ቪዲዮ ዓይነት ደግሞ ለመሥራት ይገፋፋል። ብዙ የሚታየው ደግሞ እንባ ነው።

በዋሽንግተን ወይም በዱባይ ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ምእመን ማረጋገጫ መፈለጉ ተገቢ ነው። ማረጋገጫው ግን ደረሰኝ፣ የባንክ መግለጫና የሒሳብ ምርመራ ይሁን። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወት መብት ለድሃም የተሰጠ ነው። የሰንበት ትምህርት ቤቶችና የበጎ አድራጎት ማኅበራት ሆይ፣ ስንት እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ ንገሩን፤ የተረጂውን ፊት አታሳዩን። የጠበል ቦታ አስተዳዳሪዎችም ካሜራን ከበር ይመልሱ።