«ነው» እና «ይባላል»

ጎንደር ውስጥ ሰው ሳስጎበኝ እንደ «ይባላል» የምጠነቀቅለት ቃል የለም። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉንም «ነው» እያልኩ እዘልቀው ነበር፤ ሲደክመኝ ደግሞ ሁሉንም «ይባላል» እላለሁ። ሁለቱም ስንፍና ነበር።

ፋሲል ግቢ ስንገባ ከአሥር እንግዳ ሰባቱ «ግንቡን ፖርቱጋሎች ናቸው አይደል የሠሩት?» ይላል። ድሮ እሟገት ነበር። አሁን ጊዜውን ብቻ አስቀምጥላቸዋለሁ፦ አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ የፖርቱጋሎቹን ሚስዮናውያን፣ ካባረሩ በኋላ ነው በ1628 ዓ.ም ከተማዋን የቆረቆሩት። የቀረውን ራሳቸው ያሰሉታል። ቀጥለን ወደ ቀዳማዊ ኢያሱ ቤት እንሻገራለን። የላይኛው ክፍል የተገመሰው በመሬት መንቀጥቀጥ፣ በኋላም እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያስወጡ በጣሉት ቦምብ ነው። ይህን ስል ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያው በነበረበት ሰማዩን ያያል። ያኔ ዝም እላለሁ።

ሁለቱን ቃላት መለየት የተማርኩት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም ጎንደርን ሲያቃጥል ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያተረፋት የንብ መንጋ ነው፣ ብዬ በሙሉ አፌ ተናገርኩ። ከኋላ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀፎው በየት በኩል ነበር?» አሉኝ። ሳቅ ሆነ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ «እኔስ አምናለሁ። አንተ ግን ያየህ አታስመስል» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ንቡን በ«ይባላል» አሳልፌ ጣሪያውን አሳያለሁ። በወራጆቹ መካከል የተደረደሩት መላእክት ጭንቅላትና ክንፍ ብቻ ናቸው፤ ዓይናቸው ትልልቅ ነው። አንድ ይመስላሉ፤ ትንሽ ሲቆዩ ግን የአንዱ ፊት ከሌላው እየተለየ ይመጣል። ለዚያ ጊዜ ያስፈልጋል፣ ስልኩን የማያስቀምጥ እንግዳ አያገኘውም።

መጨረሻ ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን፤ የዛፍ ሥር እንደ ጣት ድንጋዩን ጨብጦ የያዘበት አጥር አለ። «ንጉሡ እዚህ ይዋኙ ነበር?» ይሉኛል። ይባላል። ገንዳው ግን ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በቦይ በሚመጣ ውሃ ይሞላል፤ ይሄ «ነው»። በጥር ለሚመጣ እንግዳ ይህንንም አልናገርም፤ ውሃው ተባርኮ ጎረምሶቹ እየዘለሉ ሲገቡ ማን ይሰማኛል?