ድኅነት ለምነን ድህነት

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ሽቅብ ሲወጣ፣ መንገዱ ዳር ሁለት ሥጋ ቤቶች ጎን ለጎን አሉ። አንዱ «ሥጋ ቤት» ይላል፣ ሌላው «ስጋ ቤት»። ደንበኛ ፊደል አይቶ ሲመርጥ አጋጥሞኝ አያውቅም።

እኔንም ነገሩ ያስጨነቀኝ ኮድ መጻፍ ከጀመርኩ በኋላ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ሲካተት፣ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱን ቁጥር ይዞ ገባ። ስለዚህ ለኮምፒውተር ሥ እና ስ ምንም ዝምድና የላቸውም። «ፀሐይ»ን እንውሰድ። መጀመሪያው ጸ ወይም ፀ ሊሆን ይችላል፤ መካከሉ ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንዱ። ሁለት በስድስት፣ 12 አጻጻፍ። «ኃይለ ሥላሴ» 24 ይደርሳል። በአንዱ የተመዘገበ ሰው በሌላው ቢፈለግ «የለም» ይባላል፤ ሰውየው ግን መስኮቱ ፊት ቆሟል።

መሐንዲስ ይሄን ሲያይ እጁን ይበላዋል። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ እንጦጦ የሚኖሩትን የእናቴን ታላቅ ወንድም የስብከት ደብተር ወደ ኮምፒውተር ሳስገባ፣ ሁሉንም ሞክሼ ፊደል ወደ አንድ የሚመልስ አሥር መስመር ኮድ ጻፍኩ። ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ። አትሜ፣ አስጠርዤ ወሰድኩላቸው። የኔታ መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ገጽ አነበቡና ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ይሄን መቼ ለመንኩ?»

ጣታቸው ያረፈበት መስመር «ድህነትን ይስጠን» ይላል። እሳቸው የጻፉት «ድኅነትን» ነበር። በኀ ሲሆን መዳን፣ በሀ ሲሆን ማጣት። የእኔ አሥር መስመር አንድ ጉባኤ ሙሉ ምእመን ድህነት አስለመነ።

ከዚያ በኋላ መዝገበ ቃላት መግለጥ ጀመርኩ፤ እንደ ማመሳከሪያ ሳይሆን እንደ ድርሰት። እውነትም ድርሰቶች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ስለ ቋንቋው አንድ ክርክር ያቀርባሉ። ክርክሩ ከሽፋኑ ይጀምራል። ከሣቴ ብርሃን ተሰማ በ1951 ዓ.ም. ያሳተሙት «የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ነው። ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት ደግሞ «አዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት»። የቋንቋውን ስም እንኳ በአንድ ዓይነት አልጻፉትም። አንዱ «የ» እና «አማርኛ»ን ለዓይን ለያይቶ ያቆያቸዋል፤ ሌላው ጆሮ እንደሚሰማው ያዋህዳቸዋል።

የደስታ መጽሐፍ ለሰነፍ አንባቢ አይራራም። ቃላቱ በሀ ሁ ሳይሆን በአበገደ ተራ የተሰለፉ ናቸው፤ በዚያ ላይ ሥሩን ካላወቁ ቃሉን አያገኙም። እንደ ፍለጋ መሣሪያ ካየነው መጥፎ ዲዛይን ነው፤ ይሄን ለማለት አላፍርም። ግን እያንዳንዱ ቃል ከዘመዶቹ ጋር ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ አንድ ቃል ፍለጋ ገብቶ ቤተሰቡን አይቶ መውጣት ነው። የከሣቴ ብርሃን ቶሎ ይገኛል፣ ቶሎም ይዘጋል።

ደስታ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደቀ መዝሙር ነበሩ፤ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የመምህራቸውን የግዕዝ መዝገበ ቃላት ለኅትመት ያበቁትም እሳቸው ናቸው። ኪዳነ ወልድ ብዙ ዓመት ኢየሩሳሌም ኖረው ግዕዝን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር ያስተያዩ ሊቅ ናቸው። ትልቁ ነገር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። «አባቶች በሥርዓቱ ይጽፉ ነበር፣ እኛ አበላሸነው» ሲባል እንሰማለን። ነገር ግን ድምፆቹ ከተዋሐዱ ቆይተዋል፤ በጥንት የብራና ጽሑፎች ውስጥም ሐ እና ኀ፣ ሠ እና ሰ ቦታ ሲለዋወጡ ይታያሉ። ዛሬ «ትክክለኛ» የምንለው አጻጻፍ፣ በከፊል፣ ሊቃውንት ሥር እየቆፈሩ መልሰው ያቆሙት ነው። ይሄ ክብሩን አይቀንሰውም። ግን ከሰማይ የወረደ ሳይሆን የሰው ምርጫ መሆኑን ይነግረናል።

በተቃራኒው ወገን ሀዲስ ዓለማየሁ አሉ። በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» መግቢያ ላይ፣ አንድ ድምፅ ላይ የተደራረቡ ፊደሎች እንዲቀነሱ ሐሳብ አቅርበዋል። ልብ ወለዱን አገር ሁሉ ወደደው፤ ሐሳቡን ግን እንደ ልብ ወለዱ አልተቀበለውም።

ይሄ የእኛ ብቻ ጣጣ እንዳይመስለን። ደች ተናጋሪዎች በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የአጻጻፍ ደንብ፣ ፓንኬክን በሚጠሩበት ቃል መካከል ብዙው ሰው የማይጠራትን አንዲት ን እንዲጨምሩ ታዘዙ። በ2005 ደንቡ እንደገና ሲሻሻል አንዳንድ የኔዘርላንድስ ጋዜጦችና ማሰራጫዎች «በቃን» ብለው፣ ከመንግሥቱ «አረንጓዴ መጽሐፍ» ይልቅ በ2006 የወጣውን «ነጭ መጽሐፍ» ተከተሉ። መንግሥት ያለው፣ አካዳሚ ያለው፣ ገንዘብ ያለው አገር በአንዲት ፊደል ተጣላ። ፊደል የድምፅ ምልክት ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም አይጣላም ነበር። ማን እንዳስተማረህ፣ የማን ልጅ እንደሆንክም ይናገራል።

ታዲያ እኛ ኮድ የምንጽፍ ልጆች ምን እናድርግ? አንድ የማምንበት ነገር አለ፦ ፊደሎቹ የሚዋሐዱት ፍለጋ ላይ ብቻ ይሁን። ሰው «ሀይሉ» ብሎ ሲፈልግ «ኃይሉ»ም ይምጣለት፤ የተጻፈው ግን እንደተጻፈ ይቀመጥ። ኮምፒውተሩ በውስጡ ሁለት ቅጂ ቢይዝ ወጪው ኢምንት ነው። የተደመሰሰ ኀ ግን ተመልሶ አይገኝም፤ ከሀ ብቻ ተነስቶ መዳን ይሁን ማጣት የትኛው እንደነበር የሚያውቅ ኮድ የለም፤ ዐረፍተ ነገሩን አንብቦ የሚፈርድ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ በአማርኛ ጽሑፍ ማሽን የሚያሠለጥኑ ብዙዎች እኔ የሠራሁትን ስሕተት እንደ መጀመሪያ የጽዳት እርምጃ ይሠሩታል። ጽዳት መባሉ ነው የሚከነክነኝ።

እኔ ራሴ «ሥ»ን የት እንደምጽፍ ሁልጊዜ አላውቅም፤ እዚህም ጽሑፍ ውስጥ የኔታ የሚያርሙት አይጠፋም። ደብተራቸውን ከዋናው ጋር እያመሳከርኩ፣ ኮዱ የበላውን ፊደል አንድ በአንድ በእጄ እየመለስኩ ነው። አሥር መስመሩ የሠራው በአንድ ሰከንድ ነበር። እኔ አራተኛ ወሬን ይዣለሁ፣ ገና ግማሽ ላይ ነኝ።